ጋብቻው ይፍረስልኝ ወይስ ፍቺ ይወሰንልኝ?

የሕግ ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ከሰሜን ሸዋ፣ ማለትም ከመንዝ፣ ከሞረትና ጅሩ፣ ከምንጃር፣ ከቀወት፣ ከደብረ ሲና፣ ከሲያደብርና ከደብረ ብርሃን የደረሱን ናቸው። ሁሉም ስለ ትዳር መፍረስ ይጠይቃሉ። ሰሜን ሸዋ ስንል በአማራ ክልል ያለውን ዞን ማለታችን ነው፤ እዚህ የሚሠራው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በፍቼ በኩል፣ በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ያላችሁ አንባቢዎች የምትዳኙት በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው። በይዘት ሁለቱም ከፌዴራሉ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ጋር በእጅጉ ይቀራረባሉ፣ የአንቀጽ ቁጥራቸው ግን አንድ አይደለም። አዲስ አበባ የተጻፈ አቤቱታ ገልብጦ ደብረ ብርሃን ማስገባት የማይበጀውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በጥር ተጋባን፤ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላን ተጣላን። ሽማግሌዎቹ «ገና ጫጉላው ሳይወጣ ስለሆነ ይሄ ፍቺ አይባልም፤ ይፈርሳል፣ እንዳልተጋባችሁ ትቆጠራላችሁ» ይሉናል። እውነት ነው? (ከእነዋሪ)

መልስ፦ አይደለም። የትዳሩ ማጠር ምንም አይለውጥም። በሠርጉ ማግሥት የተጣሉ ባልና ሚስትም የሚለያዩት በፍቺ ነው።

ልዩነቱ ያለው ችግሩ መቼ ተፈጠረ በሚለው ላይ ነው። ጋብቻ ይፍረስልኝ የሚል አቤቱታ ሲቀርብ ዳኛው የሚመለከተው ጋብቻው የተፈጸመበትን ዕለት ነው። ያን ዕለት ሁለቱም 18 ዓመት ሞልቷቸው ነበር? ፈቃዳቸውን በነጻነት ሰጥተዋል ወይስ ተገደዋል? መሠረታዊ ስሕተት ነበር? ሕግ የሚከለክለው የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና አላቸው? አንደኛቸው ያልፈረሰ ሌላ ትዳር ነበራቸው? በፍርድ የተከለከለ (ራሱን ችሎ ሕጋዊ ተግባር እንዳይፈጽም ፍርድ ቤት የወሰነበት) ሰው ነበር? ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ ጋብቻው ሲጀመርም ጉድለት ነበረበት ማለት ነው። ፍቺ ግን ደህና ሆኖ የተጀመረ ትዳር ማብቂያ ነው። ፍቺ የሚጠይቅ ሰው የባሏን ወይም የሚስቱን ጥፋት የማስረዳት ግዴታ የለበትም፤ «ከዚህ በኋላ አብሬ መኖር አልፈልግም» ማለት ይበቃል። ጥፋት የሚነሳው ካሳ ከተጠየቀ ነው።

«እንዳልተጋባችሁ ትቆጠራላችሁ» የሚለውም ስሕተት ነው። የአገራችን ሕግ ጋብቻውን የሚያፈርሰው ከውሳኔው ወዲህ እንጂ ወደ ኋላ ተመልሶ አይደለም። በመካከል የተወለደ ልጅ አባት አለው፣ ቀለብና ውርስም አያጣም። በመካከል የተፈራው ሀብትም ሒሳቡ ይሠራል። ስለዚህ «ካፈረስኩት ምንም አላካፍልም» ወይም «ካፈረሰችው ልጁ የእኔ አይሆንም» በሚል ተስፋ ወደ ማፍረስ የሚሄድ ሰው ልፋቱ በከንቱ ነው። ማፍረስ የማይመረጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ምክንያትን በማስረጃ ማረጋገጥ ይጠይቃል፣ ቀነ ገደብም አለው። ፍቺ ሁለቱም የሉበትም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከመጋባታችን በፊት ጀምሮ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ይወስድ እንደነበር ያወቅሁት ከተጋባን ከሰባት ወር በኋላ ነው። እኔ ነጻ ነኝ። ፍቺ ሳይሆን ጋብቻው እንዲፈርስልኝ እፈልጋለሁ። ይቻላል? ምን ላቅርብ? (ከመሃል ሜዳ)

መልስ፦ ይቻላል። ሕጉ መሠረታዊ ስሕተት ከሚላቸው አንዱ የማይድን ወይም ወደ ዘር የሚተላለፍ በሽታ ያለበትን ሰው ይህን ሳያውቁ ማግባት ነው። ያገቡት ሰው ማንነት ራሱ ሌላ ሆኖ ሲገኝ፣ ወይም አካሉ ሩካቤ ለመፈጸም የማይችል ሲሆንም እንዲሁ ነው።

ከሁሉ በፊት ቀኑን ይቁጠሩ። ስሕተቱ ከታወቀ በ6 ወር ውስጥ አቤቱታው መግባት አለበት፤ ያም ሆኖ ጋብቻው ከተፈጸመ 2 ዓመት ካለፈው አይቻልም። ሁለቱ ገደቦች አብረው ይሠራሉ፣ ቀድሞ የደረሰው ይይዛል። ለምሳሌ ሠርጉ ጥር 20 ቀን 2016 ሆኖ ነገሩ የታወቀው ነሐሴ 10 ቀን 2016 ከሆነ ስድስቱ ወር የሚያበቃው የካቲት 10 ቀን 2017 ነው። የታወቀው ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ቢሆን ግን ስድስት ወር አለኝ ማለት አይቻልም፤ ጥር 20 ቀን 2018 ሁለቱ ዓመት ስለሚሞላ የቀረው ጊዜ አንድ ወር እንኳ አይሞላም። ጳጉሜን በመካከል ስትገባ በቀን ቆጥሮ የሚከራከር ተከሳሽ አይጠፋምና የመጨረሻዋን ሳምንት አትጠብቁ። የሚቆጠረው ጋብቻው ከተፈጸመበት ዕለት ነው፤ ቀበሌ ሄዳችሁ ካስመዘገባችሁበት ቀን አይደለም።

ቀጥሎ ሦስት ነገር ማስረዳት አለብዎት፦ በሽታው ከጋብቻው በፊት እንደነበረ፣ እርስዎ እንዳላወቁ፣ መቼ እንዳወቁ። ብዙ ሰው የሚወድቀው በመጀመሪያው ነው። ዛሬ የተሰጠ የምርመራ ወረቀት የዛሬን ብቻ ይናገራል፤ ከሠርጉ በፊት ስለነበረው አያስረዳም። የሚያስረዳው ባልዎ መድኃኒት የጀመሩበት የጤና ተቋም መዝገብ ነው፤ ተቋሙ ደግሞ የሌላ ሰው የሕክምና መረጃ ለእርስዎ አይሰጥም፤ መስጠትም የለበትም። ስለዚህ በማስረጃ ዝርዝርዎ ላይ የተቋሙን ስም ጽፈው «መዝገቡ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይቅረብልኝ» ብለው ይጠይቁ። መድኃኒቱን ደብቆ ወይም ሰርቆ ማቅረብ አይረዳም፣ ጠብ ብቻ ያተርፋል። ከሠርግ በፊት ለቤተ ክርስቲያን ያቀረባችሁት የደም ምርመራ ወረቀት ካለ እሱ ትልቅ ማስረጃ ነው፦ በእሱ ላይ የተጻፈው «ነጻ» ከሆነ አለማወቅዎን ያሳያል።

ሌላው መሰናክል፣ ካወቁ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። እያወቁ አብረው ከቀጠሉ ቀኑ ያልቃል፤ ተከሳሹም «አውቃ ተቀብላኛለች» ብሎ ይከራከራል። ከቤት መውጣት ግዴታ ባይሆንም አቤቱታውን ቶሎ ማስገባት ግን ግዴታ ነው።

ጉዳዩ የጤና ምስጢር ያለበት በመሆኑ በዝግ ችሎት ይሰማልኝ ብለው በአቤቱታው መጨረሻ ይጠይቁ። ዳኝነቱንም በአማራጭ ይጻፉት፦ «ጋብቻው እንዲፈርስልኝ፤ ይህ ካልተቻለ ፍቺ እንዲወሰንልኝ»። እንዲህ ካልተጻፈ የማፍረሱ ጥያቄ ሲወድቅ መዝገቡ ይዘጋና ለፍቺ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። በፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ይህችን አንዲት መስመር ብዙ ጊዜ አያስገቧትም፤ ራሳችሁ አስገቡ።

የኤች አይ ቪ ምርመራዎን ደግሞ ከፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ለይተው ይመልከቱት። የመጨረሻው ግንኙነት የቅርብ ከሆነ ጤና ጣቢያው የድጋሚ ምርመራ ቀን ይሰጥዎታል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ያገባት ልጅ ድንግል አልነበረችም። አባታችን «ስሕተት ነው፣ ይፍረስ» ይላል። ጎረቤታችንም ሚስቱ መሃን ስለሆነች ማፍረስ ይፈልጋል። (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ሁለቱም ምክንያት አይሆኑም። ድንግልና በሕጉ ውስጥ የለም፤ ችሎት ላይም ማንም አይመረምራትም። መውለድ አለመቻልና ሩካቤ መፈጸም አለመቻል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በሕጉ ዝርዝር ያለው ሁለተኛው ነው። ሀብት አለኝ፣ መንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ዲግሪ አለኝ ብሎ መዋሸትም ጋብቻ አያፈርስም። መለያየት ከፈለጉ የፍቺ መንገድ አለ። መለያየቱንም መወሰን ያለባቸው ባልና ሚስቱ ናቸው፣ አባት አይደሉም።

ጥያቄ፦ እኔ በ15 ዓመቴ ተዳርኩ፤ አሁን 19 ዓመቴ ነው። ታናሽ እኅቴን ደግሞ በ16 ዓመቷ ለጥር ሊድሯት ነው። የእኔ ይፈርስልኛል? የእሷስ ይቆማል? (ከሞላሌ)

መልስ፦ ከእኅትዎ እንጀምር፤ ለእሷ ጊዜ አለ። የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ነው። ወላጅ መፍቀዱ ይህን አይለውጠውም። ከጥር በፊት ለወረዳው ዐቃቤ ሕግ ወይም ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል፤ የወረዳው ሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ይቀበላል። ሠርጉ ቢፈጸም እንኳ ማንኛውም ጥቅም ያለው ሰው ወይም ዐቃቤ ሕግ ጋብቻው እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል፤ ልጅቷ ራሷ መቅረቧ ግዴታ አይደለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 መሠረት ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ የሚያገባ ሰው፣ ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ስትሆን እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ስትሆን እስከ 7 ዓመት ጽኑ እሥራት ይጠብቀዋል።

ክርክሩ የሚያተኩረው በዕድሜ ማስረጃ ላይ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ካለ ጥሩ፤ ከሌለ የክርስትና ወረቀትና የትምህርት ቤት መዝገብ ይቀርባል። ለሠርግ ሲባል አዲስ መታወቂያ በከፍተኛ ዕድሜ የማውጣት ነገር አለና ከ1ኛ ክፍል የምዝገባ ወረቀት የተሻለ መከላከያ የለም፤ ያን ጊዜ ዕድሜ የተጻፈው ለሠርግ ታስቦ አይደለምና። ፍርድ ቤቱ ካልተሟላለት በሐኪም የዕድሜ ግምት ያስቀርባል፤ እሱ ግን ግምት ስለሆነ አንድ ሁለት ዓመት ሊስት ይችላል፤ ለ17 ዓመቷ ልጅ ብቻውን አይበቃም።

የእርስዎን በተመለከተ በዕድሜ ምክንያት ማፍረስ የሚቻለው የዕድሜው ጉድለት እስካለ ድረስ ነው። 18 ሲሞላዎት ያ መንገድ ተዘግቷል። የተዳሩት በጠለፋ ወይም በማስገደድ ከሆነ ሌላ ምክንያት ነው፣ እሱም ግዳጁ ካቆመ 6 ወር፣ ቢበዛም ከጋብቻው 2 ዓመት ያልበለጠ ገደብ አለው፤ በእርስዎ ሁኔታ አልፏል። የቀረዎት ፍቺ ነው፤ ለፍቺ የማንንም ፈቃድ አያስፈልግዎትም። ይህ ጉዳትዎ አልነበረም ማለት አይደለም፤ በ15 ዓመትዎ ባገባዎት ሰው ላይ የሚቀርበው የወንጀል አቤቱታም ከፍቺው የተለየ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቡልጋ በሰማንያ ያገባት ሚስት እንዳለችው ደረስኩበት። እኔ ምኑ ነኝ? (ከአረርቲ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ትዳር በሞት ወይም በፍርድ ቤት ካልፈረሰ ሁለተኛው ሊፈርስ የሚገባው ጋብቻ ነው። ማፍረሱን እርስዎም፣ የመጀመሪያዋ ሚስትም፣ ዐቃቤ ሕግም መጠየቅ ትችላላችሁ። የመጀመሪያዋ ሚስት ከሞተች ግን በዚህ ምክንያት ማፍረስ አይቻልም።

የባልዎ የተለመደ መልስ «ከእሷ ጋር ከተለያየን ዓመታት አልፈዋል» የሚል ይሆናል። ተለያይቶ መኖር ፍቺ አይደለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ባልና ሚስት ለረጅም ዓመታት ተለያይተው ሌላ ትዳር መሥርተው የቆዩበትን ጉዳይ አይቶ ትዳሩ በተግባር አብቅቷል ያለበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ያ የየጉዳዩን ፍሬ ነገር ተከትሎ የሚታይ ስለሆነ ማንም ተማምኖበት አዲስ ትዳር ሊይዝ አይገባም። የመጀመሪያውን ጋብቻ ወረቀት ካላገኙ ባልና ሚስት ተብለው ይኖሩ እንደነበር በአራት ምስክሮች ማስረዳት ይቻላል፤ ምስክሮቹ ዘመድ ቢሆኑም ይቀበላሉ። በወንጀል በኩል በአንቀጽ 650 ያስጠይቃል፤ በተለይ ትዳር እንዳለው ደብቆ አሳስቶ ያገባ ከሆነ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊደርስ ይችላል።

ንብረት ላይ ግን ይጠንቀቁ። ባልዎ ከእርስዎ ጋር ሲኖር ያፈራው ሁሉ የእናንተ የሁለታችሁ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የመጀመሪያዋ ሚስትም ድርሻ ትጠይቃለች። እያንዳንዱ ቤት፣ ከብትና መሬት መቼ እንደመጣ በሚያሳይ ሰነድ ይዘርዝሩ።

ጥያቄ፦ በቁርባን ነው የተጋባነው። ፍርድ ቤት ካፋታን ቤተ ክርስቲያን ሌላ ታጋባናለች? ወይስ ቤተ ክርስቲያን ብታፈርስልን ፍርድ ቤቱ ይቀራል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሁለቱ መዝገቦች ለየብቻ ናቸው። በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ፊት ሙሉ ጋብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚፈርሰውም በፍርድ ቤት ነው። ቤተ ክህነት የሰጠችው መለያያ ወረቀት ብቻውን ሀብት አያካፍልም፤ ቀበሌም በእሱ ፍቺ አይመዘግብም። በተቃራኒው የወረዳ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቁርባኑን አይፈታም፤ ቤተ ክርስቲያን ቁርባንን በራሷ ቀኖና ነው የምታየው፣ ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 24 ስለ ጋብቻ የሚናገረውን ጨምሮ። መለያየትንም በቀላሉ አትፈቅድም። ጉዳዩ የሚጀምረው ከንስሐ አባት ነው፤ ከዚያ ወደ ሰበካ ጉባኤና ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት ይሄዳል። የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዛችሁ ሄዳችሁ «ተክሊል ይደረግልን» ማለት ወዲያው የሚሰምር ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ እኛ ሙስሊሞች ነን፤ የት እንክሰስ? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ባለጉዳዮች ሁለቱም ከተስማሙ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ ይፈቅዳል። አንዱ ካልተስማማ መደበኛው ፍርድ ቤት ያያል። በሸሪዓው ባል የሚሰጠው ጦላቅ፣ ሚስት መህሯን (ባል ለጋብቻው የሰጣትን ስጦታ) መልሳ የምትጠይቀው ኹልዕ እና ቃዲው የሚያፈርሰው ፈስኽ ለየብቻ ናቸው፤ ስትከሱ የትኛውን እንደምትጠይቁ ይግለጹ። የዒዳው (ሚስት ሌላ ከማግባቷ በፊት የምትጠብቀው) ጊዜም እንደ መለያየቱ ዓይነት ይለያያል።

ጥያቄ፦ ሽማግሌዎች አፋትተውን ወረቀት ጽፈው ፈርመናል። መሬቱንም አካፍለውናል። አሁን ሌላ ማግባት እችላለሁ? ካልቻልኩ ከየት ልጀምር? (ከደነባ)

መልስ፦ አይችሉም፤ በሕግ ፊት አሁንም ትዳር ላይ ነዎት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ዳኞች ነበሩ፤ የሽማግሌ ፍቺ ልማድ የቀረው ከዚያ ነው። አሁን ግን ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የሽማግሌዎች ሥራ ማስታረቅና ውጤቱን ለፍርድ ቤት ማሳወቅ ነው። ወረቀቱን አትጣሉት ግን፤ በመካከላችሁ ስምምነት ካለ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው አጭር መንገድ እሱ ነው።

ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ፍቺውን፣ የልጆቹን አኗኗርና ቀለብ፣ የሀብቱን ክፍፍል የያዘ ስምምነት ጽፋችሁ ለወረዳ ፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ። ዳኛው ለየብቻም በአንድነትም አነጋግሮ እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ስምምነቱ በነጻ ፈቃድ መሆኑንና ሕግና ሞራል የማይጻረር መሆኑን አይቶ ያጸድቃል። ከስምምነቶች ብዙዎቹ የሚመለሱት የልጅ ቀለብ መጠኑ ሳይጻፍ «እንደ አቅሙ ይረዳል» ስለሚሉ ነው። ስንት ብር፣ በወሩ በስንተኛው ቀን፣ በማን የባንክ ሒሳብ ተብሎ ካልተጻፈ ማስፈጸም አይቻልም።

ስምምነት ከሌለ አንዳችሁ ብቻችሁን ማመልከት ትችላላችሁ። ወደ ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ክፍል) የሚገባው ይህ ነው፦ አቤቱታው፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት (ከሌለ የምስክሮች ዝርዝር)፣ የልጆች ልደት ወረቀት፣ የሀብት ዝርዝርና የመታወቂያ ቅጂ። ቅጂው በተከሳሾች ቁጥር ይጨመራል። በጋብቻ ወረቀትና በመታወቂያ ላይ ያለው የአባት ስም በአንድ ፊደል ቢለያይ ገና በመግቢያው ይመልሱታል፤ አስቀድሞ ከቀበሌ የስም ማስተካከያ ያዙ። አቅም የሌለው ሰው በድሃ ደንብ (የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል) ክስ እንዲከፈትለት ለይቶ ያመልክት፤ ካልጠየቀ ማንም አይጠይቅለትም።

ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ በመረጣችሁት ሽማግሌ እንድትታረቁ ይገፋል፤ እዚህም እስከ 3 ወር ሊሰጥ ይችላል። ሳይታረቁ ከቀሩ ከዚያ በኋላ በ1 ወር ውስጥ ፍቺው መወሰን አለበት። በዚህ መካከል ልጅ ከማን ጋር ይሁን፣ ቤቱ ውስጥ ማን ይቆይ፣ ማን ይርዳ የሚለውን ጊዜያዊ ትእዛዝ በመጀመሪያው ቀጠሮ ጠይቁ፤ ብዙ ሴቶች ይህን ሳይጠይቁ ወራት በዘመድ ቤት ያልፋሉ። በክረምት የችሎት ዕረፍት ጊዜ ተረኛ ችሎት ብቻ ስለሚኖር ከሐምሌ በፊት ክስ ማስገባት ጊዜ ያተርፋል።

መሬት በሽማግሌ ወረቀት አይከፈልም። የይዞታ ደብተሩ ላይ የማን ስምና ፎቶ እንዳለ፣ መሬቱ ከጋብቻ በፊት የተያዘ ወይስ በኋላ መሆኑን ይመልከቱ። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በስጦታ ወይም በውርስ የመጣ ሀብት የግል ነው፤ ቀሪው በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ተብሎ ይገመታል፤ ክፍፍሉም እኩል ነው። ባልዎ ቤት ወይም መሬት ያለ ፈቃድዎ እየሸጠ ከሆነ ከፍቺው ጋር የእግድ ትእዛዝ አብረው ይጠይቁ፤ ከተሸጠ በኋላ ለማስመለስ ብዙ ክርክር ያስፈልጋል።

ፍርዱ ካልተስማማዎት ይግባኙ በ60 ቀን ውስጥ ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ የውሳኔ ግልባጭ ወዲያው ይውሰዱ። ውሳኔው ሲጸና ማኅተም ያለበትን ግልባጭ ይዘው በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት (ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት) መዝገብ ያስመዝግቡ። ሴት ከሆኑ ደግሞ ሌላ ከማግባትዎ በፊት 180 ቀን መጠበቅ አለ፤ ከወለዱ፣ ያው የቀድሞ ባልዎን መልሰው ካገቡ ወይም እርጉዝ አለመሆንዎን ሐኪም ካረጋገጠ መጠበቁ ይቀራል።